የመርከብ ፖስታ ማኅተም እንደ ታሪክ ምስክር፦ የቆዩ የኖርዲክ ፖስትካርዶችን ስለ ማንበብ

መግቢያ

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ በአገራችን ከሰሜን አውሮፓ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በ1856 የተመሠረተው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የመጀመሪያዎቹን መልእክተኞች ወደ ምጽዋ የላከው በ1866 ነው። ካርል ሴደርክቪስት አዲስ አበባ የገባው በ1904 ነው። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ደግሞ በ1948 መጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከአውሮፕላን ፖስታ በፊት በነበረው ዘመን ሚሲዮናውያኑ ከቤተ ሰቦቻቸውና ከላኪዎቻቸው ጋር የተጻጻፉት በመርከብ በተጓዘ ደብዳቤና ፖስትካርድ ነበር።

እነዚህ ካርዶች ዛሬ በቤተ መዛግብት፣ በቤተ ሰብ ሣጥንና በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። አንድ የኢዮቤልዩ ኮሚቴ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ እንዲህ ያለ ካርድ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚያየው ክቡን የፖስታ ማኅተም ነው። ማኅተሙ ላይ የከተማ ስምና ቀን አለ። ስለዚህ «በዚህ ቀን ከዚህ ከተማ ተጻፈ» ብሎ ይመዘግባል። ካርዱ በየብስ ፖስታ የተላከ ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። በባሕር የመጣ ከሆነ ግን ሊያስት ይችላል። የመርከብ ፖስታ ማኅተም የሚመሰክረው ካርዱ የት እንደ ተጻፈ ሳይሆን በማን እጅ ወደ ፖስታ ሥርዓት እንደ ገባ ነውና። ይህ ጽሑፍ በዴንማርክ፣ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በአይስላንድ ካርዶች ላይ የሚታዩትን የመርከብ ማኅተሞች እንዴት መለየት እንደሚቻል ያሳያል። ከዚያም ይህ ልማድ የቤተ ክርስቲያን ታሪክን ለሚጽፍ ሰው ምን እንደሚጠቅም ይናገራል።

1. ፖስታ በባሕር ላይ

የሰሜን አውሮፓን ካርታ አውጥተው ይመልከቱ። ዴንማርክ ብዙ ደሴቶች አሏት። ስዊድንና ፊንላንድ በባልቲክ ባሕር ተለያይተዋል። የኖርዌይ ዳርቻ በፊዮርዶች የተሰነጣጠቀ ስለ ሆነ በየብስ ከደቡብ ወደ ሰሜን መሄድ እጅግ አዳጋች ነበር። አይስላንድ ደግሞ በውቅያኖስ መካከል ናት። በእነዚህ አገሮች መርከብ የዘወትር መንገድ ነበር፤ ፖስታውም በዚያው መንገድ ይሄድ ነበር።

በኖርዌይ ሐምሌ 2 ቀን 1893 ካፒቴን ሪካርድ ቪት «ቬስተሮለን» የተባለችውን የእንፋሎት መርከብ ከትሮንድሃይም ወደ ሐመርፌስት አንቀሳቀሰ። «ሑርቲግሩተን» ማለትም ፈጣን መሥመር የተባለው የዳርቻ ጉዞ በዚህ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ከመካከለኛው ኖርዌይ የተላከ ደብዳቤ ሐመርፌስት ለመድረስ በሞቃቱ ወራት ሦስት ሳምንት፣ በክረምት እስከ አምስት ወር ይፈጅ ነበር። በ1898 መሥመሩ በደቡብ እስከ በርገን ተዘረጋ። በሌላ አቅጣጫ ከ1890 ጀምሮ ከበርገን ወደ እንግሊዟ ኒውካስል መደበኛ መርከብ ነበረ። ከስዊድን ዮተቦርይ ወደ እንግሊዟ ሐል የሚሄደው መሥመር ደግሞ ወደ አሜሪካ የሚሰደዱትን ያመላልስ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስዊድናውያን አገራቸውን ለቅቀዋል።

ፖስትካርድም የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። ኦስትሪያ በ1869 ከጀመረች በኋላ ዴንማርክና ፊንላንድ በ1871፣ ስዊድንና ኖርዌይ በ1872 ፖስትካርድ አወጡ። በ1874 በበርን ከተማ የዓለም ፖስታ ኅብረት ሲመሠረት የአንድ አገር ቴምብር በሌላ አገር የሚከበርበት ሥርዓት ቆመ። ካርዱ ርካሽ፣ አጭርና ለመንገደኛ የሚመች ስለ ነበር በመርከብ ወለል ላይ ተቀምጦ መጻፍ የተለመደ ሆነ።

2. አራቱ የምልክት ዓይነቶች

በባሕር የተጓዘ ካርድ ሲያገኙ በላዩ ያለው ምልክት ከሚከተሉት አራት ዓይነቶች የትኛው እንደ ሆነ መጀመሪያ ይጠይቁ።

የመጀመሪያው በመርከብ ውስጥ የነበረ ፖስታ ቤት ማኅተም ነው። በዋና ዋና መሥመሮች ላይ የፖስታ ሠራተኛ ከመርከቡ ጋር ይጓዝ፣ በጉዞው ላይ ደብዳቤ ይለይ፣ ማኅተምም ይመታ ነበር። የስዊድኑ ማኅተም «ኦንግቦት» ማለትም የእንፋሎት ጀልባ የሚለውን ቃል ይዞ «ፖስታ ቤት» የሚለውን በምሕጻረ ቃል ያስከትላል፤ ብዙ ጊዜም መለያ ቁጥር አለው። በዴንማርክና በኖርዌይ «ዳምፕስኪብ» ማለትም የእንፋሎት መርከብ የሚል ቃል በሙሉ ወይም ባጭሩ ይገኛል። አንዳንዱ ማኅተም ሁለት የወደብ ስሞችን በመካከላቸው ሰረዝ አድርጎ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ማኅተም አንድን ቦታ ሳይሆን አንድን መንገድ ያመለክታል። ቀኑ ማኅተሙ በመርከቡ ላይ የተመታበት ቀን ነው።

ሁለተኛው የመርከብ ደብዳቤ ምልክት ነው። ፖስታ ሠራተኛ በሌለበት መርከብ ላይ መንገደኛው ካርዱን በመርከቡ ሣጥን ይከትታል ወይም ለካፒቴኑ ይሰጣል። ወደብ ሲደረስ የዚያ ከተማ ፖስታ ቤት ተቀብሎ ልዩ ምልክት ይመታበታል። ቃሉ በዴንማርክኛ «ስኪብስብሬቭ»፣ በስዊድንኛ «ሼፕስብሬቭ»፣ በፊንላንድኛ «ላይቫኪርዬ» ነው፤ የሁሉም ትርጉም የመርከብ ደብዳቤ ነው። ከዚሁ ወገን «ከኖርዌይ»፣ «ከስዊድን»፣ «ከዴንማርክ» የሚሉ ምልክቶች አሉ። ተቀባዩ ፖስታ ቤት የሌላ አገር ቴምብር ያለበትን ካርድ በራሱ የቀን ማኅተም ሲመታ ካርዱ ከየት እንደ መጣ ለማሳወቅ ይጨምራቸው ነበር።

ሦስተኛው «ፓክቦ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ የፖስታ መርከብ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጨረሻ አሥርት ዓመታት የፖስታ ኅብረቱ ለዓለም ሁሉ የሚሆን ደንብ አወጣ። ደንቡ ቀላል ነው። መርከቡ ከማንኛውም አገር ወደብ ርቆ በባሕር ላይ ሳለ የተጻፈ ደብዳቤ መርከቡ የሚያውለበልበው ሰንደቅ ዓላማ አገር ቴምብር ይለጠፍበታል። መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ ከሆነ ግን የወደቡ አገር ቴምብር ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ወደብ ያለው ፖስታ ቤት «ፓክቦ» ብሎ ያትምበታል፤ ስለዚህም የውጭ ቴምብሩ ተቀባይነት ያገኛል።

አራተኛው የመርከብ ኩባንያው የራሱ ማኅተም ነው። በ1914 የተመሠረተው የስዊድን አሜሪካ መሥመር፣ በ1910 የተመሠረተው የኖርዌይ አሜሪካ መሥመርና ሌሎችም የመርከቡን ስም የያዘ ማኅተም ለመንገደኞች ማስታወሻ ይመቱ ነበር። ይህ የፖስታ ማኅተም አይደለም፤ ቴምብርን ለመሰረዝም ሥልጣን የለውም። ሆኖም የመርከቡን ስም ስለሚነግረን ከጉዞ ሰሌዳ ጋር ለማመሳከር እጅግ ይጠቅማል።

3. ማኅተሙ በማን ቋንቋ ይናገራል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ከ…» በሚሉት ምልክቶች ነው። «ከስዊድን» የሚል ምልክት ያየ ሰው ማኅተሙ በስዊድን የተመታ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ምልክቱ የሚናገረው በተቀባዩ አገር ቋንቋ ነው፤ የሚጠራው ግን የላኪውን አገር ስም ነው።

«ከ» የሚለው ቃል በዴንማርክኛና በኖርዌይኛ «ፍራ» ሲሆን በስዊድንኛ «ፍሮን» ነው። እንግዲህ «ፍራ ስቬሪየ» የሚል ካርድ ከስዊድን ተነሥቶ በዴንማርክ ወይም በኖርዌይ ወደብ የተመታ ነው። «ፍሮን ዳንማርክ» የሚለው ደግሞ ከዴንማርክ ተነሥቶ ስዊድንኛ በሚጠቀም ፖስታ ቤት የተመታ ነው። በላዩ ያለውን ቴምብር ሲያዩ የላኪው አገር ሆኖ ያገኙታል፤ ሁለቱ ምስክሮች በዚህ ይስማማሉ።

ቋንቋዎቹን ለመለየት መዝገበ ቃላት ማወቅ አያስፈልግም፤ ፊደሉን ማየት ይበቃል። በላዩ ሁለት ነጥብ ያለበት «ኦ» የስዊድንኛ ነው፤ በመካከሉ ሰያፍ መሥመር ያለፈበት «ኦ» ግን የዴንማርክኛና የኖርዌይኛ ነው። በላዩ ትንሽ ክብ ያለበት «ኤ» በስዊድንኛ ከጥንት ጀምሮ አለ። ኖርዌይ ይህን ፊደል በይፋ የተቀበለችው በ1917፣ ዴንማርክ ደግሞ በ1948 ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለት «ኤ» ጎን ለጎን ይጽፉ ነበር። ስለዚህ በደበዘዘ ማኅተም ላይ አንድ ፊደል ብቻ ብትነበብም አገሩን ልትጠቁም ትችላለች።

4. ዓመቱ ሲጠፋ

ማኅተም ብዙ ጊዜ በግማሽ ይመታል ወይም ቀለሙ ይጠፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለውም ዓመቱ ነው። በዚህ ጊዜ የቦታ ስምና አጻጻፍ ይረዳሉ። የኖርዌይ ዋና ከተማ ከክርስቲያንያ ወደ ኦስሎ ስሟን የለወጠችው ጥር 1 ቀን 1925 ነው። ትሮንድሃይም ጥር 1 ቀን 1930 ኒዳሮስ ተብላ በመጋቢት 1931 እንደገና ትሮንድሃይም ሆነች። ኒዳሮስ የሚል የከተማ ማኅተም ያገኘ ሰው ዘመኑን በጥቂት ወራት መካከል ማጥበብ ይችላል። ፊንላንድ እስከ ታኅሣሥ 1917 በሩስያ ግዛት ሥር ስለ ነበረች በዚያ ዘመን ካርዶችና ማኅተሞች ላይ የሩስያ ፊደል ይገኛል። በፊንላንድ አንድ ከተማ ሁለት ስም እንዳላትም አይዘንጉ፤ በስዊድንኛ ኦቡ የምትባለው በፊንላንድኛ ቱርኩ ናት፣ ሄልሲንግፎርስም ሄልሲንኪ ናት። ይህን ያላወቀ መዝጋቢ አንዱን ሰው በሁለት ከተማ ሊያኖረው ይችላል።

ካርዱ ራሱም ይናገራል። ስዊድን በ1906 አጻጻፏን ስታሻሽል «ፖስትካርድ» በሚለው ቃል ውስጥ የነበረው «ኤፍ» በ«ቪ» ተተካ። የካርዱ ጀርባ በመሥመር ለሁለት ተከፍሎ መልእክትና አድራሻ በአንድ ገጽ የሚጻፍበት ሥርዓትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥር ዓመታት የመጣ ነው። ሆኖም እንዲህ ያሉ ፍንጮች የሚወስኑት በአንድ ወገን ብቻ መሆኑን ያስተውሉ። አዲሱ አጻጻፍ «ካርዱ ከለውጡ በፊት የታተመ አይመስልም» ይለናል። አሮጌው አጻጻፍ ግን «ከለውጡ በኋላ አልተላከም» አይለንም፤ የቆየ ካርድ በሱቅ ተቀምጦ ለዓመታት ይሸጥ ነበርና።

ስለ ቀን አጻጻፍም ሁለት ነገር ይታሰብ። በእነዚህ አገሮች ቀን ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፤ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ገልብጦ መዝግቦት ሊሆን ይችላል። በብዙ የኖርዌይ ማኅተሞች ላይ ደግሞ ወሩ በሮማውያን ቁጥር ይጻፋል፤ የመስመሮቹ ብዛት በደበዘዘ ማኅተም ላይ በቀላሉ ይምታታል።

5. አንድ ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በፊት ገጹ የበርገን ወደብ ሥዕል ያለበት ካርድ አገኘን እንበል። ቴምብሩ የኖርዌይ ነው፤ ማኅተሙ ግን «ኒውካስል፣ ሐምሌ 14 ቀን 1909» ይላል፤ በአጠገቡም «ፓክቦ» ታትሟል። ጽሑፉ «ትናንት ማታ ተነሣን፤ ባሕሩ ጸጥ ብሏል» ይላል።

የቸኮለ መዝጋቢ «ከኒውካስል፣ ሐምሌ 14» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ደግሞ ሥዕሉን አይቶ «ከበርገን» ይላል። ሁለቱም አልተጠነቀቁም። ሥዕሉ ካርዱ የት እንደ ታተመ ወይም እንደ ተሸጠ ይጠቁም እንደ ሆነ እንጂ የት እንደ ተጻፈ አያስረዳም። የኒውካስል ማኅተም ካርዱ በዚያ ቀን በእንግሊዝ ፖስታ ቤት እጅ እንደ ነበረ ይመሰክራል። «ፓክቦ» ካርዱ ከመርከብ እንደ መጣ ይነግረናል። የኖርዌይ ቴምብር መሆኑ መርከቡ የኖርዌይ ሰንደቅ እንደ ያዘ ወይም ካርዱ ገና በኖርዌይ ወደብ ሳለ በሣጥኑ እንደ ገባ ያሳያል። የጸሐፊው ቃል ግን ከወደብ ከተነሡ በማግሥቱ መሆኑን ስለሚናገር ሁለተኛውን ግምት ያስወግዳል። ስለዚህ ትክክለኛው መዝገብ «በባሕር ላይ ተጻፈ፣ ምናልባት በሐምሌ 13 ወይም 14 ቀን 1909፤ በኒውካስል ሐምሌ 14 ማኅተም ተመታ» የሚል ነው። መዝገቡ ረዘም ቢልም እውነቱን ይዟል።

ቴምብርና ሥዕል የማይስማሙበት ሌላ ጊዜም አለ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የጀርመን የሽርሽር መርከቦች በየዓመቱ ወደ ኖርዌይ ፊዮርዶች ይሄዱ ነበር። የኖርዌይ ተራራ ሥዕል ያለበት ካርድ የጀርመን ቴምብርና «የጀርመን መርከብ ፖስታ» የሚል ማኅተም ይዞ ቢገኝ ሐሰተኛ ነው ብለው አይጣሉት። መርከቡ የራሱ ፖስታ ቤት ነበረው።

6. ከሐዲስ ኪዳን ጥናት የምናውቀው መርሕ

ይህ አነባበብ ለነገረ መለኮት ተማሪ እንግዳ አይደለም። በብዙ የኋለኛ ዘመን የግሪክ ቅጂዎች በጳውሎስ መልእክቶች መጨረሻ ላይ መልእክቱ ከየት እንደ ተጻፈ የሚናገር ማስታወሻ ይገኛል። በ1ኛ ቆሮንቶስ መጨረሻ ያለው ማስታወሻ መልእክቱ ከፊልጵስዩስ እንደ ተጻፈ ይናገራል። ሐዋርያው ግን በ16፥8 እስከ በዓለ ኀምሳ በኤፌሶን እንደሚቆይ ይጽፋል፤ በ16፥19ም የእስያ አብያተ ክርስቲያናትን ሰላምታ ያቀርባል። ማስታወሻውን የጨመረው ሰው በ16፥5 ስለ መቄዶንያ የተባለውን በተሳሳተ መንገድ ተረድቶ ሊሆን ይችላል። ተርጓሚዎች በዚህ ቦታ የሚመርጡት የመልእክቱን የራሱን ቃል ነው።

ንጽጽሩ ግን ወሰን አለው። ያ ማስታወሻ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ሲሆን የፖስታ ማኅተም ካርዱ በጉዞ ላይ ሳለ የተመታ ነው፤ ስለዚህ ማኅተሙ እጅግ የበለጠ ክብደት አለው። ትምህርቱ ውጫዊውን ማስረጃ መናቅ አይደለም። ትምህርቱ እያንዳንዱ ምስክር ያየውን ብቻ እንዲናገር ማድረግ ነው። የፖስታ ሠራተኛው ካርዱን በእጁ ያዘ፤ ጸሐፊውን ግን አላየውም። ጸሐፊው የት እንደ ነበረ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው።

7. እስከ ቀይ ባሕር

ይህ ለእኛ ለምን አስፈለገ? ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ስዊድን የሄደ ካርድ ከአንድ በላይ የፖስታ ሥርዓት ያልፍ ስለ ነበር ነው። የ1866ቱ መልእክተኞች ሲመጡ የሱዌዝ ቦይ ገና አልተከፈተም ነበር፤ የተከፈተው በኅዳር 1869 ነው። ምጽዋ ከ1885 ጀምሮ በኢጣልያ እጅ ስለ ነበረች ከዚያ ወዲህ ከሰሜኑ የሚላከው ፖስታ በኢጣልያ ሥርዓት ይሄድ ነበር። ኢትዮጵያ የራሷን ቴምብር በ1890ዎቹ ብታወጣም የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት በጅቡቲ በኩል ወደ ውጭ ለሚላክ ደብዳቤ የፈረንሳይ ቴምብር ይጨመርበት ነበር። የፈረንሳይ የፖስታ መርከቦች ደግሞ የመሥመራቸውን ፊደል የያዘ የራሳቸው ማኅተም ነበራቸው፤ ብዙዎቹ ስምንት ማዕዘን ናቸው።

ስለዚህ ከ1908 በፊት ከአዲስ አበባ የተጻፈ ካርድ ላይ የጅቡቲ ማኅተም ማግኘት ጸሐፊው ጅቡቲ ነበረ ለማለት አይበቃም። በአንድ ሚሲዮናዊ ካርድ ላይ የባሕር ማኅተም ቢገኝም ሰውዬው ራሱ በመርከብ ተሳፈረ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የተሳፈረው ካርዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ አገልጋይ ጣቢያውን ለቅቆ ሄደ ወይስ አልሄደም፣ በአንድ የመከራ ወቅት ከምእመናኑ ጋር ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ በእንዲህ ያለ ትንሽ ምልክት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። በስሕተት «በዚያ ቀን ጅቡቲ ነበረ» ብለን ብንጽፍ መንጋውን ትቶ እንደ ሄደ አድርገን እንመሰክርበታለን። ሙት ደግሞ መልስ አይሰጥም።

በዚህ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር አለ። በማኅተሙ ላይ ያለው የአውሮፓ ዓመት ከእኛው በሰባት ወይም በስምንት ይለያል፤ ልዩነቱ የሚወሰነው ከመስከረም ወዲህና ወዲያ በመሆኑ ነው። ወሩ ያልተነበበ ማኅተም ወደ ዓመተ ምሕረት ሲቀየር አንድ ዓመት ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ በማኅተሙ ላይ እንዳለ ይገልብጡ፤ ቅያሬውን ከጎኑ ያክሉ፤ ዋናውን ግን አይተኩት።

ማጠቃለያ

በቤተ ክርስቲያንዎ ወይም በቤተ ሰብዎ እጅ የቆየ ካርድ ካለ እንዲህ ያድርጉ። ቴምብሩን አይላጡ፤ ካርዱንም በውኃ አይዝፈቁ። ቴምብር ከማኅተሙ ሲለይ ግማሹ ምስክርነት ይጠፋልና። የካርዱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ያንሡ፤ የደበዘዘውን ማኅተም ብርሃን ከጎን እያበሩ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ከዚያ አምስት ነገር ለየብቻው ይመዝግቡ፤ ሥዕሉ የሚያሳየውን ቦታ፣ የቴምብሩን አገር፣ በእያንዳንዱ ማኅተም ላይ የተነበበውን ፊደልና ቀን፣ ጸሐፊው በእጁ የጻፈውን ቦታና ቀን፣ እንዲሁም የተቀባዩን አድራሻ። አምስቱን ሳያቀላቅሉ ከጻፉ በኋላ ብቻ ወደ ድምዳሜ ይሂዱ። ያልተነበበውን ፊደል በነጥብ ይተኩ እንጂ በግምት አይሙሉት።

ድምዳሜው ብዙ ጊዜ «ከ1906 እስከ 1914 ባለው ጊዜ» የሚል ይሆናል። ይህ ለኢዮቤልዩ መጽሔት የሚያምር ዐረፍተ ነገር ላይመስል ይችላል። ነገር ግን ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሌላ ካርድ ሲያገኝ የሚገነባው በዚህ ላይ ነው። በግምት የተጻፈ ትክክል የሚመስል ቀን ግን ከአንድ መጽሔት ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ማንም የማይጠይቀው «ታሪክ» ይሆናል። እውነተኛ ምስክር እንድንሆን የተጠራን ሰዎች በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይም ያየነውን ብቻ ልንናገር ይገባናል።